ጋቢ የለበሰች መኪና

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የቡራዩ ጭቃ ደርቋል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የጽጌን ጾም ይዣለሁ። የአንድ ሚኒባስ ፓራፋንጎ ላይ ተደፍቼ ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ የግቢያችን በር ተንኳኳና አንዲት አዛውንት ሴት ገቡ። ነጠላቸው ንጹሕ ነው። በብረት ቁርጥራጩ መሀል እግራቸውን የሚያሳርፉበትን እየመረጡ መጡ።

«ሴት ባትላሜራ አለች የተባለው እዚህ ነው?» አሉ።

የሥራ ባልደረባዬ ነጂብ ቀለም ከሚረጭበት ዞር ብሎ ጭምብሉን አወረደ። «ወንድም አለ፤ የምትሻለው ግን ሴቷ ናት» አላቸው።

«እኔም የፈለግኩት ሴቷን ነው» አሉ። አልሳቁም።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራዬ እንዲህ ሆኖ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ቀኝ ትከሻዬ መዶሻ አላነሳ ስላለኝ ሥራ አቁሜ ቤት ገብቻለሁ። ልጆቼ የሥራ ዘመንሽን ጻፊው ይሉኛል። ብዙ ቃል የለኝም። ስለዚያች መኪና ጣሪያ ከጻፍኩ የቀረውም አብሮ ይወጣል ብዬ ጀመርኩ።

የሰበታ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ያረፈው ሦስተኛ ልጃችን ጡት ሳይጥል ነው። ጅማ መንገድ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ በጽዳት ተቀጠርኩ። ወለል እጠርጋለሁ፣ የተጠገነ መኪና አጥባለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ ጦማቸውን አላደሩም።

እዚያ ኦቦ ቶላ ነበሩ። ባትላሜራ ማለት የተጨፈለቀውንና የዛገውን የመኪና አካል የሚያቀናና የሚጠግን ሰው ነው፤ የጋራዡ ባትላሜራ እሳቸው ነበሩ። ቤተሰባቸው ተፍኪ በኩል ገበሬ ነው። እሳቸውም መኸር ሲደርስ ፈቃድ ጠይቀው ጤፍ አጭደው ይመለሳሉ።

ኦቦ ቶላ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ ነበር። መካኒኮቹ «ኦቦ፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። እጃቸውን አድርቀው ከኪሳቸው ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ያወጣሉ። መዳፋቸው ላይ ያደርጉትና ዓይናቸውን ጨፍነው መኪናውን ከፊት ወደ ኋላ ይዳስሱታል። አንድ ቀን ደፍሬ ጨርቁ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ባዶ እጅ ቆርቆሮው ላይ ይያዛል። ጨርቅ ካለው ይንሸራተታል። ሲንሸራተት እብጠቱንም ጉድጓዱንም ያገኘዋል» አሉኝ። ጨርቁን ዘረጉልኝ። «በይ ሞክሪ፣ ኢንተላኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

ዳሰስኩ። በሩ መሀል ላይ እጄ ትንሽ ሰመጠ።

«እዚህ ጋ ጎድጓዳ ነው» አልኩ።

«መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ስጪ» አሉ።

አለቃችን «ሴት ልጅ? መዶሻ?» ብለው ተከራከሯቸው። ኦቦ ቶላ «መዶሻው ምን ያውቃል?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ከቃል ይልቅ በማሳየት ነው። ሲበይዱ አንድ ነጥብ ብቻ ይበይዱና ማሽኑን ያስቀምጣሉ። እርጥብ ጨርቅ ያስነኩታል። ከዚያ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል፤ መዳፋቸው ካልቻለው ሁለተኛዋን ነጥብ አይጀምሩም። ሁለተኛዋን የሚበይዱትም ከመጀመሪያዋ ርቀው፣ በማዶው ጠርዝ ላይ ነው። ቀጭን ቆርቆሮ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከሞቀ ዙሪያውን ሁሉ ይዞ ይጣመማል። እኔ ስቸኩል «ሱታ» ይሉኛል፣ ቀስ በይ ለማለት። ደንበኛ ሲሸኙም «ጥሩ አድርጌ ሠርቼልሃለሁ» አይሉም። «ዝናብ ሲመታት አይተህ ንገረኝ» ነው የሚሉት። ብዙዎቹ ተመልሰው ይመጡና ይነግሯቸው ነበር። ካረፉ ቆይተዋል። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።

ከሰበታ በኋላ ዓለም ገና ባለ ጋራዥ ሠራሁ። አለቃዬ አቶ ግዛቸው ፈጣን ሰው ነበሩ። የብየዳ ማሽን እንደ ልቤ ማዘዝ የለመድኩት እሳቸው ዘንድ ነው፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። በዝገት ነገር ግን አልተስማማንም። እሳቸው ዝገቱን ላይ ላዩን ጠርጎ፣ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ማልበስ ይወዳሉ።

«አስካለ፣ ሰውየው የሚያሳድሳት ሊሸጣት ነው። ምን አደከመሽ?» ይሉኛል።

«የሚገዛትስ ሰው አይደለም?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ የሚገባሽ ጋራዥ ሳይሆን ገዳም ነው!» ብለው ይስቃሉ። ሳንጣላ ተለያየን።

ቡራዩ የገባሁት ትልቁ ልጄ እዚያ ቤት ስለተከራየ ነው። ነጂብንም እዚያ አገኘሁት። የልጆች አባት ነው፤ ቀለም እንደ እሱ የሚረጭ አላየሁም። ግቢ በጋራ ተከራየን። ብረቱ የእኔ፣ ቀለሙ የእሱ ሆነ። ዓርብ ጁምዓ ሲሄድ እኔ እጠብቃለሁ፣ በበዓላት እኔ ስቀር እሱ ይጠብቃል። ሁለታችንም የማንገባባቸው ቀናት ስለሚበዙ አንድ ደንበኛችን «እናንተ ጋ መኪና ያስገባ ሰው የሁለት ሃይማኖት በዓል ያከብራል» ይለን ነበር። መልካም ዓመታት ነበሩ።

ወደ እንግዳዋ ልመለስ። ስማቸው እትዬ ፀሐይ ነው። የመጡት ከሱሉልታ ነው፤ በሁለት ታክሲ። በርጩማ አቀረብኩላቸው። ነጂብ ሰምቶ እንዳልሰማ ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

«መኪና አለን፤ የስፖርት መኪና» አሉኝ። «ባለቤቴ አለማየሁ ቀያሽ ነበር። ጣሊያናዊ አለቃው አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደው ነው። እኔን ከማግባቱ በፊት ነው እሷን ያገኘው።»

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«ጣሪያዋ ዝጓል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ አለማየሁ ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለሕክምናው እንዲቀርቡ ከተማ ልጃቸው ቤት ገቡ። እዚያ ሲታከሙ ሁለት ክረምት አለፈ። እትዬ ፀሐይ ቤቱንና ከብቶቹን ትተው መሄድ ስላልቻሉ ሱሉልታ ቀሩ፤ እሁድ እሁድ እየሄዱ ይጠይቋቸዋል። ሰውየው በየምሽቱ ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ልጅቷ ደህና ናት?» ብለው ነው።

«እኔን መስሎሽ?» አሉ እትዬ ፀሐይ። «መኪናዋን ነው። እኔም ደህና ናት እላለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሐኪሙ ግባ ብሎታል። ለኅዳር ሚካኤል ይመጣል፤ የጽዋ ማኅበሩ ተራም የእኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ልወለውላት ብዬ ስገልጣት...» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ከዚያ ክንዴን ያዙ። «አስካለዬ፣ እንደነበረች አድርጊልኝ። እሱ ሳያውቅ። በዚህ ሁለት ክረምት ብዙ ነገር ነው ያጣው። እግሩን አጣ፣ ቤቱን አጣ። መጥቶ እሷን እንዲህ ሆና ቢያያት እኔ ፊቱን ማየት አልችልም።»

በምን ዛገች ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝናቡ ነው አሉ።

«እትዬ፣ ጣሪያውን እሞክራለሁ» አልኩ። «እኔም አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

«ከየት አግኝቶሽ ይጠይቅሻል?» አሉ። ተስማማን።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ጥቁር አረንጓዴ ናት። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ኋላዋ እንደ ዓሣ ጅራት የሾለ። ነጂብ ዞራትና በምላሱ ጧ አደረገ። «ማዘር፣ ይቺማ ወጣት ናት! ጸጉሯ ብቻ ነው የሸበተው» አለ። እውነቱን ነው። በሮቿ፣ ኮፈኗ፣ ሥሯ ደህና ነበሩ። የተጎዳው ጣሪያዋ ብቻ ነው። ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ወተት አረፋ አውጥቶ ተነስቷል፤ በጣቴ ጫን ስለው ይረግፋል።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። መቀመጫዎቹንና የጣሪያውን የውስጥ ጨርቅ አወጣሁ፤ ብየዳ ባለበት ቦታ ጨርቅ አይቀመጥም። ከዚያ ወለሏ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ አየሁ። የመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ የብርሃን ነጠብጣቦች ጣሪያውን ሞልተውታል። በቀትር የከዋክብት ሰማይ ያየሁ መሰለኝ። ውበቱ ገርሞኝ ትንሽ ተኛሁ። ከዚያ ተነስቼ ከውጭ በጠመኔ ከበብኳቸው።

ዝገት አንድ ዓይነት አይደለም። ላይ ላዩን ያለው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ነጭ ብረት እስኪታይ ይወርዳል፤ ዝገት የሚከላከል አንቲራስት ተቀብቶ ይድናል። ብረቱን የበላው ግን ተቆርጦ መውጣት አለበት። አንድ ቀዳዳ ካለ ዙሪያው ቀጥኗል ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚቆረጠው ከሚታየው ሰፋ ተደርጎ ነው። የሚቆረጠው ክፍል ጥጉ ክብ መሆን አለበት፤ ሹል ጥግ በኋላ ከዚያው ይሰነጠቃል። ልኩ በካርቶን ይወሰዳል፤ ከካርቶኑ ወደ አዲስ ላሜራ ይገለበጣል። ጣሪያ ደግሞ ሜዳ መስሎ ሜዳ አይደለም። ትንሽ ጉብ ያለ ነው፤ ላሜራውም በመዶሻ ቀስ እየተባለ ያንኑ ጉብታ መያዝ አለበት።

የሽቦ ብሩሹን ስስብ ከዝገቱ ጋር ነጭ ክር ወጣ። ሌላም ወጣ። ጥጥ ነው። ወደ ዳር ስሄድ ቀይ ክር አገኘሁ፤ የጥለት ክር ነው። ብሩሹን አስቀምጬ ስልክ ደወልኩ።

«እትዬ፣ መኪናዋን ምን አልብሰዋት ነበር?»

በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

«ሸራ» አሉ በመጨረሻ። «ከሸራው ሥር ግን... ጋቢውን ነው።»

የባላቸው ጋቢ ነበር። የሱሉልታን በረዶ ፈርተው ነው፤ ቀለሙም በሸራው እንዳይፋቅ አስበው ነው። ነገር ግን ያ ብቻ አልነበረም። «አልጋው ላይ ተጣጥፎ ሳየው ሰውየው የሞተ መሰለኝ» አሉኝ። «ሳጥን ውስጥ እንዳልከተው የሬሳ ልብስ ሆነብኝ። እሱ የሚወዳት ትልበስልኝ አልኩ።»

ጋቢው ርጥበቱን ጠጣ። ሸራው ደግሞ ፀሐይና ነፋስ እንዳይገባ ከለከለ። መኪናዋ ሁለት ክረምት ሙሉ እርጥብ ጋቢ ለብሳ ከረመች። ሜዳ ላይ ራቁቷን ብትቆም ኖሮ ይሻላት ነበር። ይህን ለእትዬ ፀሐይ አልነገርኳቸውም። ገብቷቸዋል።

«ሌላ ሰው ሰምቷል?» አሉኝ።

«ማንም።»

«በይ እመብርሃን ትርዳሽ» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ከበደኝ። የብረት ሥራ ብቻ አልነበረም። የአንዲትን ሴት ሐፍረት በቀለም ልሸፍን የተስማማሁ መሰለኝ። ቢሆንም ቃል ሰጥቻለሁና ቀጠልኩ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሰፈራችን መብራት ይጠፋ ጀመር። ይመጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይሄዳል። በጣም የተበላው በኩል ተቆርጦ ወጥቷል፤ የሚተካው ላሜራ ጉብታውን ይዞ፣ ቦታው ላይ ተገጥሞ ብየዳ ይጠብቃል። እኔም አጠገቡ ቆሜ መብራት እጠብቃለሁ። የጽጌ ጾም ተፈታ፤ ቁስቋም አለፈች። እትዬ ፀሐይ በየቀኑ ይደውላሉ። «ደረሰ?» ይላሉ። «መብራት የለም» እላለሁ። «እሱ ልብሱን እያሳጠፈ ነው» ይሉኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ነጂብ «ማዘር፣ ቶሎ! ቶሎ!» ብሎ ጮኸ። ማሽኑን አነሳሁ። አንድ ነጥብ በየድኩ፤ ጨርቅ አስነካሁ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አምፖሉ ድርግም አለ። አሁን ከጠፋ እስከ ነገ ነው አልኩ። ነጥብ መቁጠሩን ተውኩና መስመሩን ይዤ ሄድኩ። በረዥሙ። የአንዱን ጠርዝ እንደጨረስኩ ወደ ሌላው ዞርኩ። መዳፌን አላሳረፍኩም። ብዙ ዓመት ያሳረፍኩትን መዳፍ ያን ቀን አላሳረፍኩም።

መብራቱ አልጠፋም። እስኪመሽ ቆየ።

ቆርቆሮው ሲበርድ ድምፅ አሰማ፤ የድስት ክዳን ወለል ላይ እንደሚወድቅ ያለ። ነጂብና እኔ ተያየን። ጣሪያው መሀሉ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ከሥር ስገፋው ጧ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለቀው ጧ ብሎ ይወርዳል። አዲሱ ላሜራ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ደህናውን አሮጌ ብረት ጭምር ይዞት ነው የተጣመመው።

እንዲህ ሲሆን የሚደረግ ነገር አለ። ያበጠውን ቦታ የሳንቲም ያህል በጋዝ እሳት ቀይ ማድረግ፣ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ መታ መታ ማድረግ፣ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ። ብረቱ ይሰበሰባል። በሚቀጥሉት ቀናት ይህን ሞከርኩ። አንዱን ስሰበስብ ሌላው ጋ ያብጣል። እብጠቱ ጠፋ ስል በሁለት ጣት ርቀት አገኘዋለሁ። በመጨረሻ አሮጌው ብረት መሳሳቱን እጄ ነገረኝ፤ ከዚህ በላይ ከሞቀ ይበሳል። መዶሻውን አስቀመጥኩ።

«ስቱኮ ሞልተንበት ቀለም ብንቀባው?» አለ ነጂብ በቀስታ። «ለዓይን አይታይም። ሰውየው ለሚካኤል ያገኛታል።»

«ሲነዷት ይሰነጠቃል።»

«አዎ፣ ይሰነጠቃል» አለ። እሱም ያውቃል።

ለእትዬ ፀሐይ ደውዬ አልደረሰም፣ አይደርስምም አልኳቸው። አልተቆጡም። «እሺ» ብለው ብቻ ዘጉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቅዳሴ ቆምኩ። የማኅበሩ ጠላና ዳቦ፣ የሰውየው መግባት፣ የጎረቤቱ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ዓይኔ ላይ መጣ። ባዶው የመኪና መቆሚያም መጣ። ሚካኤልን የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ እኔንም እትዬ ፀሐይንም አታዋሸን አልኩት።

በማግስቱ ገና ጋውኔን ሳልለብስ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ፀሐይ ናቸው። «መንገድ ላይ ነን» አሉ በሹክሹክታ። «ለሰርቪስ ሄደች አልኩት። ካላየኋት ብሎ ቁርሱንም አልበላ። አስካለዬ፣ ሸፍኚያት።»

መሸፈኛ አልነበረኝም። ቢኖረኝም አልሸፍናትም ነበር።

ጋሽ አለማየሁ ቀጭን፣ ረዥም ሰው ናቸው። በከዘራ ተደግፈው ገቡ። እትዬ ፀሐይ ከኋላቸው፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ሰውየው ለእኔም ለነጂብም ሰላምታ ሰጥተው በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ከዘራቸውን በር ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ጣሪያው ላይ አሳረፉ። ጧ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«እሱ የእኔ ነው» አልኩ። «ስበይድ ቸኮልኩ። መብራት ይጠፋል ብዬ በአንድ ጊዜ አሞቅኩት። ተጣመመ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ድካም እንጂ። ከዚያ ጣታቸውን ባልተቆረጠው በኩል ወደ ጠመኔው ክቦች ወሰዱ። «ይሄ ዝገትስ? እኔ ስተዋት አንዲት ነጥብ አልነበረባትም። ይሄስ ከምን መጣ?»

የጠየቁት እኔን ነበር። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ፀሐይ ቀደሙኝ።

«እሱ ደግሞ የእኔ ነው» አሉ።

ሰውየው ዞር አሉ።

«በረዶ እንዳይመታት ብዬ አለበስኳት። ከሸራው ሥር ጋቢ አደረግኩ። እርጥበቱ በላት።»

«የማንን ጋቢ?»

«ያንተን። ሰፊውን።»

ጋሽ አለማየሁ ጥቂት አሰቡ። «ፀሐይ፣ እኔ ልጄ ቤት በብርድ ስንቀጠቀጥ ጋቢዬን ላኪልኝ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

«ታጥቧል፣ ገና አልደረቀም አላልሽኝም?»

«ታዲያ ደርቆ ነበር?» አሉ እትዬ ፀሐይ።

ነጂብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ አለማየሁ መጀመሪያ ከከንፈራቸው ጥግ፣ ከዚያ በሙሉ አፋቸው ሳቁ። የመኪናዋን ጣሪያ ተደግፈው ሲስቁ ጣሪያው ጧ ጧ ይላል። እሱም አሳቃቸው። እትዬ ፀሐይ ግን ያለቅሱ ነበር።

«ምን ያስለቅስሻል? ቆርቆሮ ነው።»

«አልጋው ላይ ተጣጥፎ ሳየው የሞትክብኝ መሰለኝ» አሉ።

ሳቃቸው ቆመ። እጃቸውን ከጣሪያው አንስተው የሚስታቸው ትከሻ ላይ አደረጉት። እኔና ነጂብ የምንሠራው ፈልገን ወደ ጓሮ ሄድን።

ስንመለስ ጋሽ አለማየሁ በሩን ከፍተው እየገቡ ነው። መቀመጫ የለም ብላቸው እምቢ አሉ። የቀለም ጣሳ ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ እሱ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀለሱ።

«ኧረ፣ ሰማይ ይታያል!» አሉ ከውስጥ። «ፀሐይ፣ ነይ ጣትሽን አድርጊ።»

«የት ላይ?»

«ቀኝ። ወደ እኔ። እሱ አይደለም። እህ፣ አሁን ጨለመ። ይዘሽ ቆዪ። አስካለ፣ እዚህ ጋ ጠመኔ አለ?»

«የለም፣ ጋሼ» አልኩ። አልነበረም። ጠዋት ላይ ፀሐዩ ከሌላ በኩል ስለሚገባ ያላየኋቸው ቀዳዳዎች ይታዩ ነበር። እሳቸው ከውስጥ ይጣራሉ፣ እትዬ ፀሐይ ከውጭ በጣታቸው ይደፍናሉ፣ እኔ ጣታቸው ባለበት በጠመኔ እከባለሁ።

«ሌላው ወደ ግራ ነው።»

«ያንተ ግራ ወይስ የእኔ?»

«ዕድሜ ልክሽን ግራሽን አታውቂ!»

«አንተስ ጋቢህ የት እንዳለ ታውቅ ነበር?»

ሲጨርሱ ጣሪያው በጠመኔ ክብ ተሞላ። ሰውየው በነጂብ ትከሻ ተደግፈው ወጡና የተሣለውን አዩ። «ይሄ አይጠገንም፣ አይደል?» አሉኝ።

«በቁራጭ አይጠገንም» አልኩ። «መሀሉን ሙሉ አውጥቼ በአንድ ላሜራ ልተካው። ጊዜ ይወስዳል።»

«እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉ። «እንደ ልብሽ ሥሪ። ብቻ እየመጣሁ ልይ።»

እየመጡም አዩ። ሥራው እስከ ጥምቀት ወሰደ። ነጂብ ቀለሙን እንደ ቀድሞው ጥቁር አረንጓዴ አወጣው። በኋላ በክረምት እትዬ ፀሐይ ደውለው በረዶ ያዘለ ዝናብ ሌሊቱን ሲቀጠቅጣት አድሮ ጠብታ እንዳልገባ ነገሩኝ። መኪናዋ አሁን የምትቆመው ቆርቆሮ በለበሰ ግን ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር ነው፤ ነፋስ ያልፍባታል። ጋቢው ታጥቦ ጋሽ አለማየሁ ዘንድ ተመልሷል። ዳሩ ላይ የዝገት ቀለም ቀርቶበታል፤ ሰውየው ግን ያንኑ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የመጨረሻዬ ስለሆነ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ያን ዕለት ግን፣ ጣሪያውን በጠመኔ የከበብን ቀን፣ እነ ጋሽ አለማየሁን ስሸኝ አመሸሁ። ሌሊቱን ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ወደ ግቢያችን ሄድኩ። መብራት አልነበረም። ነጂብ «እንጠብቅ?» አለኝ። አያስፈልግም አልኩት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የላሜራ መቀሱን አነሳሁና ከፊት ጀምሬ፣ የበየድኩትንም የዛገውንም አንድ ላይ፣ ዳር ዳሩን እየተከተልኩ ቆረጥኩት። እጄ ሲደክም አረፍኩ፣ ሲያርፍ ቀጠልኩ። ፀሐዩ ከፍ ሲል ነጂብ በአንድ በኩል እኔ በሌላው ይዘን ጣሪያውን አወረድነው። መኪናዋ ክፍት ሆነች። ወለሏ ድረስ ብርሃን ገባ።